ጠጠር ጣዩ መምህር

«ደግ ሰው ነበሩ» ይሉኛል። «ነበሩ» የምትለዋን ስሰማ እቆጣለሁ። ማን ነግሯችሁ ነው «ነበሩ» የምትሉት? ሬሳ አይታችኋል? ለቅሶ ተቀምጣችኋል? አንዱንም አላደረግንም። የምናውቀው መምህር አስቻለው ያን ዕለት ጠዋት ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ መውጣታቸውንና ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው አለመሰማቱን ብቻ ነው። ስደውል ያቺ የቴሌ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። በየቀኑ ስለምደውል ከእሷ ጋር ተለማምደናል፤ አንዳንዴም እሰድባታለሁ።

ስለዚህ ሌላው የፈለገውን ይበል፣ እኔ «ናቸው» እላለሁ። መምህር አስቻለው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ፤ ሲያስቡ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ ይስባሉ። ደግሞ ፈሪ ናቸው። ይህን የምለው ላሳንሳቸው ብዬ አይደለም፣ ራሳቸውም ይሉታል። ሞተር ሳይክል ሲያንባርቅ ይደነግጣሉ። ሻይ ቤት ሲገቡ ጀርባቸውን ለግድግዳ፣ ፊታቸውን ለበር ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። አንድ ክፉ ወሬ ከተሰማ ቤት ያለውን ጀሪካን ሁሉ ውሃ ይሞሉበታል። ስንስቅባቸው «የፈሪ እናት አታለቅስም» ይሉና ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

እኔ ትዕግሥት እባላለሁ፤ የሌለኝን ነው ያወጡልኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። መምህርን የተዋወቅኋቸው ፍላሽ ይዘው መጥተው «እስቲ ይህን አትሚልኝ» ሲሉኝ ነው። ስከፍተው እሳት የሚተፋ ዘንዶ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ መምህር? እኔ የፈተና ወረቀት መስሎኝ!»

«ጨዋታ ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሩን እያዩ። «የፈረንጅ ተረት ነው። አንድ ሰው ይተርካል፤ ሌሎቹ የተረቱ ሰዎች ይሆኑና 'እኔ እንዲህ አደርጋለሁ' ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚለውን ጠጠር ይወስናል።» ከኪሳቸው ሃያ ገጽ ያላት፣ በየገጿ ቁጥር የተጻፈባት ሰማያዊ ዳይስ አወጡ። ዳይስ አይሏትም፣ ጠጠር ነው የሚሏት። ከፍ ያለ ቁጥር ከወጣልሽ ያሰብሽው ይሆናል፣ ዝቅ ያለ ከወጣ ጉድ ፈላ።

መጽሐፉን አትሜ ጠርዤ ሰጠኋቸው። እያተምኩ ሳነብ አይተውኝ ኖሮ በሳምንቱ «አትጫወቺም?» ብለው መጡ። እኔም አላርፍ ብዬ እሺ አልኩ።

የምንጫወተው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህር በተከራዩዋት ክፍል ነበር። አከራያቸው እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ የእሳቸው መኝታ ቤትና የመምህር ክፍል በአንድ ጭቃ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። ሦስተኛው ተጫዋች የእማማ ልጅ ደሳለኝ ነው፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ አንድ ለእናቱ። ደሳለኝ በተረቱ ውስጥ «ዋርካ» የሚባል ብረት ለበስ ጦረኛ ነበር። እኔ ደግሞ ሌባ ነበርኩ፤ «ሹልኬ» ብዬ ራሴን ሰየምኩ። ሥራዬ ሁሉ መሰወር ነው፤ በጠባቂ መሃል ሹልክ ማለት፣ ቁልፍ መንጠቅ፣ መጥፋት።

ታዲያ ጠባችን ሁሉ በዚህ በመሰወር ሕግ ነበር። የፈረንጁ መጽሐፍ ነገሩን አድበስብሶታል። ተሰውረሽ ጥግ ብታልፊስ? ብትናገሪስ? ጠባቂው ወደ አንቺ ቢዞርስ? ሌላ ሰው ቢሆን «በቃ እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መምህር ግን በልጅነታቸው ዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል፤ አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ መፍታት ገና ያኔ ነው የገባባቸው። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የሌቦችን ሕግ እንደ ቅዱስ ቃል ሲተረጉሙት መሳቅ አልችልም ነበር።

አንድ እሑድ ሹልኬ አንዲት የታጠረች ከተማ በር ላይ ደረሰች። መግባት አለባት። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ፊት ለፊት እያየ ቆሟል። ቀትር ነው፤ ዛፍ የለም፣ ቁጥቋጦ የለም። «እሰወራለሁ!» አልኩና ጠጠሯን ጣልኳት። ሃያ! ከሃያ በላይ እኮ የለም። እልል ብዬ ተነሣሁ።

መምህር ጆሯቸውን ሳቡ። «አይሆንም» አሉ።

«እንዴት ነው የማይሆነው? ሃያ ጣልኩ!»

«ጠጠር የሰው ዓይን አያሳውርም።»

«በየትኛው ሕግ?» ጮህኩ። ንግግሬ ይህ ነው፤ ደሳለኝ ሲያበሽቀኝ «እመት በየትኛው ሕግ» ይለኛል። «የት ጋ ተጽፏል? ያሳዩኝ! ራሴ ያተምኩትን መጽሐፍ!»

«እንግዲህ» አሉ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው። «'በደንብ ከሚያይህ ፊት መሰወር አይቻልም' ይላል። 'በደንብ' ያለው፣ አንድም ብርሃን ሲኖር ነው፤ በጨለማ ማን በደንብ ያያል? አንድም ከለላ ሲጠፋ ነው። አንድም ልብ ሲል ነው፤ ዓይን ቢያይ ልብ ካላለ አላየምና። መደበቅ የቦታ ነው፤ መሰወር የልብ ነው። ያ ዘበኛ ደግሞ በሩን ልብ ብሏል።»

ደሳለኝ በሳቅ ፈረሰ። «በቃ፣ ዋርካ ልክ እንደ ሰካራም ጋሻውን ጥሎ በሩ ፊት እስክስታ ይመታል» አለ።

«እስክስታ?»

«በብረት ልብሱ!»

መምህር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉና «አሁን ሹልኬ ትለፍ» ብለው ፈረዱ። አለፍኩ። ዋርካን ግን ዘበኞች ተረባርበው እስር ቤት ወረወሩት።

«ኧረ መምህር! እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ደሳለኝ።

«አላጠፋህም» አሉ መምህር። «ታየህ።» ቆይተውም «የዘበኛ ዓይን ሥራ አይፈታም፤ አንዱ እንዲሰወር ሌላው መታየት አለበት። ይህ መጽሐፉ ላይ የለም፤ በእኛ ቤት ግን እንዲህ ተፈርዷል» አሉ። እኔ ያለፍኩ ስለነበርኩ «በየትኛው ሕግ» አላልኩም።

ያን ሁሉ ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ እማማ ጥሩወርቅ ይሰማሉ። ምን ይሰማሉ? «ጠጠር ጣዪ!» «ተሰወርኩ!» «ዘበኛው አላየኝም!» ከእኛ ዘንድ ጠጠር ጣይ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ አዋቂ ነው፣ የሰው ዕድል የሚያይ። መሰወሪያ ስላለው ደብተራም ወሬ ሳይሰማ ያደገ የለም፤ ድግምቱን ደጋግሞ በገበያ መሃል ሲያልፍ ማንም አያየውም የሚባለው። ዲማ መማራቸው ሲጨመርበት ነገሩ ለእማማ አለቀ።

እኛ ግን አልነቃንም። ብቻ አንድ ቀን እማማ አነጋገራቸው ተለወጠ። ሁልጊዜ «አንተ መምህር፣ ቧንቧው መጣልህ!» ብለው የሚጮሁት ሴትዮ፣ በሩ ላይ ዝቅ ብለው «የኔታ፣ ውሃ ልቅዳልዎ?» አሉ። መምህር ደነገጡ። «አንቱ ተባልኩ እኮ» አሉኝ፣ «ኪራይ ሊጨምሩብኝ ነው መሰል።»

ከዚያ ያ ሰሞን መጣ። አፈሳ አለ ተባለ። ማን እንደሚያፍስ፣ ወዴት እንደሚወስድ በውል የሚናገር አልነበረም፤ ወሬው ጠዋት አንድ ነገር፣ ከሰዓት ሌላ ነገር ነው። የሚታወቀው ወጣት ወንድ ከቤቱ ወጥቶ እንደሚቀር ብቻ ነበር። ከደሳለኝ ጋር ተራ የሚጠብቅ የአንድ ልጅ ባጃጅ መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች፣ እሱ የለም። ደሳለኝ ባጃጁን ግቢ አስገብቶ ሸራ አለበሳት። ውሻ በጮኸ ቁጥር እናቱ ከአልጋው ሥር ሊከቱት ይታገላሉ። አዲስ አበባ አጎት አለው፤ እዚያ ቢደርስ ይተርፋል። ግን መንገዱ ላይ ወጣት እየተመረጠ ይወርዳል ይባላል።

በዚያ እሑድ ሦስታችን ተቀምጠን ነበር፣ ጨዋታው ግን አልያዘልንም። በሩ ተከፈተና እማማ ጥሩወርቅ ገቡ። ቀጥ ብለው መጥተው መምህር እግር ላይ ወደቁ።

«የኔታ፣ ልጄን ሰውሩልኝ።»

መምህር ተፈናጥረው ተነሡ። «እማማ፣ ምን ሆነዋል? እኔ አስተማሪ ነኝ!»

«አውቃለሁ። የት እንደተማሩም አውቃለሁ።»

«እማዬ ተይ እንጂ! ጨዋታ ነው!» አለ ደሳለኝ፣ ፊቱ ቀልቶ።

«ዝም በል አንተ! በግድግዳ ስሰማ ነው የከረምኩት። ይቺን ልጅ» እኔን ጠቆሙ፣ «ይቺን ልጅ ስንቴ ሰወሯት! የሰው ልጅ ሰውረው የእኔን ሊነፍጉኝ ነው?»

ሳቄ መጣ። የእማማን ፊት ሳይ ግን ዋጥኩት። መምህር መጽሐፉን አሳዩዋቸው፣ ዘንዶውን አሳዩዋቸው፣ ጠጠሯን መዳፋቸው ላይ አድርገው «ይኸው፣ ፕላስቲክ ናት» አሉ። እማማ በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። «አላይም። ላልተፈቀደለት አይታይም» አሉ። «ደግሞ እውነተኛ አዋቂ አዋቂ ነኝ አይልም።» በካዱ ቁጥር ይበልጥ አመኑባቸው፤ ምን ይደረጋል! ያቺ ሴት ሌላ የምትይዘው አልነበራትም።

መምህር ጆሯቸውን ሳቡና «ይነሡ እማማ። ላስብበት» አሉ።

ልፈነዳ ደረስኩ። ውጭ ተከትያቸው ወጥቼ «ምን ሊያስቡበት ነው? ድግምት ሊጽፉ ነው?» አልኳቸው።

በማግሥቱ ሱቄ መጡ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ተቀመጡ። እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። «አስቤዋለሁ» አሉ። «ልጁን መደበቅ አይሆንም። ጭነት ሥር ቢገባ የተደበቀ ሰው ይፈለጋል። መሰወር ነው ያለበት። ሚኒባስ ውስጥ ሁሉም የሚያየው፣ ማንም ልብ የማይለው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ረዳት! በሩ ላይ ተንጠልጥሎ 'ጠጋ ጠጋ በሉ' የሚለው። ረዳትን ማን ልብ ይላል?» ዓይናቸው በራ። እንደ ልጅ ተደስተዋል። ሚኒባስ የሚነዳ የደሳለኝ ጓደኛ ስላለ፣ እሱ ረዳቱን ለአንድ ቀን ማሳረፍ ይችላል። እኔም ደስ አለኝ፤ ያስኬዳል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አሉ።

«እርስዎ? ለምን ብለው?»

«እማማ መሰወሪያው ያለ ባለቤቱ አይሠራም ብለዋል።»

«መምህር፣ ይቀልዳሉ? ሞተር ሳይክል የሚያስደነግጥዎ ሰው! በየትኛው ሕግ ነው የሚሄዱት?»

«ባለፈው ስፈርድ ሰምተሻል» አሉኝ። ወለሉን እያዩ ነበር። «የዘበኛ ዓይን ሥራ አይፈታም፤ ምናልባት ልጁን ልብ ቢሉት...»

«'የፈሪ እናት አታለቅስም' የሚሉት እርስዎ አይደሉም?»

«የእኔ እናት አርፈዋል ትዕግሥት። አሁን የሚያለቅሱት እማማ ናቸው።»

ተቆጣሁ፣ ወረቀት ወረወርኩ፣ አኮረፍኩ። ፈርቼ ነበር። እሳቸውም ፈርተዋል፤ ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር በሩን ያያሉ።

የሄዱ ዕለት ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ደሳለኝ የረዳቱን ኮፍያ ደፍቶ «አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፣ ድምፁ ትንሽ ይሰበራል። እማማ ሁለቱንም ስመው «ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ» አሉ። መምህር ወደ ሚኒባሱ ሲገቡ ተመለሱና ጠጠሯን መዳፌ ውስጥ አስቀመጡ። «ፍተሻ ላይ ምንድን ናት ቢሉኝ ማስረዳት አልችልም» አሉኝ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸውን የሚሰጡት ግድግዳ አጥተው ሲቁነጠነጡ በመስኮቱ አየሁ።

ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ ጠላቴ አይዋለው። የሰው መታወቂያ ገልብጬ አተምኩ፤ የአንዱን ወረቀት ለሌላው ሰጠሁ። ስልኬን አነሣለሁ፣ ኔትወርክ የለም፣ አስቀምጣለሁ። እማማ ይመጣሉ፣ «ደወሉ?» ይላሉ፣ ይሄዳሉ፣ ጥግ ሳይደርሱ ይመለሳሉ። እጄ ሥራ ሲፈታ ጠጠሯን ጠረጴዛው ላይ ጣልኳት። አንዴ ሃያ ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲል «ጠጠር የሰው ዓይን አያሳውርም» ያሉት ትዝ አለኝና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት።

ሊመሽ ሲል ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ትዕግሥት፣ ደሳለኝ ነኝ። ደረስኩ።»

«ተመስገን! መምህርስ?»

«ስልኩ የሰው ነው» አለ።

«ደሳለኝ! መምህርስ?»

«ሉማሜን አልፈን አስቆሙን» አለ። «ጠመንጃ የያዙ ናቸው። ገብተው ሰው አዩ፤ እኔን አለፉኝ። እውነት ነው ያሉት መምህር፣ እንደ በሩ እጀታ ነው የቆጠሩኝ። ሊወርዱ ሲሉ አንዱ ዞረ። እጄን አየ። ረዳት ብር በጣቶቹ መሃል አጣጥፎ ይሰካል አይደል? እኔ የባጃጅ ልማዴ ሆኖ ኪሴ ነው የከተትኩት። 'ና እስቲ አንተ' አለኝ። አበቃልኝ አልኩ። ያኔ መምህር ከኋላ ተነሡና ጮኹ።»

«መምህር ጮኹ?»

«'በየትኛው ሕግ?' ብለው ጮኹ። ቃሉ ያንቺ፣ ድምፁም ያንቺ። 'በየትኛው ሕግ ነው መንገደኛ የምታስቆሙት? የት ጋ ተጽፏል? አሳዩኝ!' እየፈሩ እንኳ አፋቸው አልቆመም። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። ያ ሰውዬም እኔን ትቶ ዞረ። ይዘው አወረዷቸው። ሹፌሩን 'ንዳ' አሉት፤ ነዳ።»

«አላዩህም? ሲወርዱ ዞር ብለው አላዩህም?»

«አላዩኝም። እሳቸው ቢያዩኝ እነዚያም ያዩኝ ነበር።» ማልቀስ ጀመረ። «ለእማዬ መንገር አቃተኝ። ደረስኩ፣ ማንም አላየኝም፣ ይህን ብቻ ነው ያልኳት። አንቺ ንገሪልኝ።» መስመሩ ተቋረጠ።

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሻይ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስኳር እንኳ የማያዝ ሰው! የሚታይበት ድምፅ ሲያጣ የእኔን ተዋሰ። የሚያበሳጫቸው ይመስለኝ የነበረው ቃሌ ለካ እዚያ ጭንቀት ውስጥ የመጣላቸው ቃል ነበር። አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና አለቀስኩ።

እልልታ ሰማሁ። እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ አስፋልቱን እየሮጡ ተሻግረው ገቡና አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

«ሠራ! ትዕግሥትዬ፣ ሠራ! ልጄን ማንም አላየው!» ይላሉ። ጉንጬን ይስማሉ፣ ግንባሬን ይስማሉ፤ እንባዬን የደስታ አድርገውታል። «እኔ እኮ ብዬ ነበር! ጨዋታ ነው ይሉኛል! የኔታ ክፍላቸውን ጠርጌላቸዋለሁ። ስልካቸው ግን አይሠራም፤ መቼ ነው የሚመለሱት?»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

እማማ ፊቴን አዩ። እጃቸው ከትከሻዬ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ፈገግታቸው እንዳለ ነው፤ ድምፃቸው ግን ሹክሹክታ ሆነ።

«ወይስ ራሳቸውንም ሰወሩ?»

«አይ እማማ» አልኳቸው። «እሳቸው ታዩ።»